መብራት በፈረቃ እንዳይመለስ



የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ የአንድ ፓርቲ ሀብት አይደለም፤ ቦንድ የገዛውና ከደመወዙ ያስቆረጠው ሕዝብ ሀብት ነው። በዚህ ኩራት እኛም ከማንም አናንስም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ኃይል ይዘን በሰፈራችን መብራት ለምን ይጠፋል?

መልሱ ብዙውን ጊዜ ያለው ጉባ ሳይሆን መንደራችን ውስጥ ነው። ያረጀ ሽቦ፣ ያዘመመ ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር። የእንጀራ ጋጋሪዋ ሊጥ ኮምጥጦ የሚደፋው፣ ወፍጮ ቤቱ እህል ተቀብሎ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ማመንጫ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለትራንስፎርመር ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አላየንም።

ሌላው አደጋ በዝናብ ላይ መንጠልጠላችን ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ሲቀንስ አገር በሙሉ መብራት በፈረቃ አገኘ፤ ወደ ሱዳን የሚላከውም ተቋረጠ። መፍትሔው እጃችን ላይ ነበር። ፀሐይዋ ስትበረታ ከፀሐይ ኃይል እየወሰድን የግድቡን ውኃ ብናቆይ፣ ማታ ምጣዱ ሲጣድ ውኃውን መልቀቅ እንችላለን። ግድቦቻችን ሌሎች አገሮች በውድ የሚገዙትን የባትሪ ሥራ ይሠራሉ። የፀሐይ ፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወርዷል። ሆኖም በመተሐራ 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ እንዲገነባ በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ኩባንያ ቢሰጥም ሳይገነባ ቀርቷል። በነፋስ በኩል ከዚህ የተሻለ ሠርተናል፤ አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ተጠናቋል።

ፓርቲያችን ከተመረጠ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን አሻሽሎ፣ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ዕቅድ በተወካዮች ምክር ቤት ተከራክሮ የሚጸድቅ ሕግ እንዲሆን ያደርጋል። ሚኒስትር በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ሰነድ ዕቅድ አይባልም። ዕቅዱ ከእያንዳንዱ አዲስ ማመንጫ ጎን ለማከፋፈያው መስመር የተመደበውን ገንዘብ ያሳያል፤ የየከተማው የመብራት መቋረጥም በየወሩ ይታተማል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር የተወሰነውን ታሪፍ እንሰርዛለን ብለን አንዋሻችሁም። ከጭማሪው የሚገኘው ገንዘብ ግን በቅድሚያ ለሰፈራችሁ መስመርና ትራንስፎርመር እንዲውል በሕግ እናስገድዳለን፤ ሒሳቡንም ለሕዝብ እናቀርባለን።