የታማሚ ማውረጃው የት ነው?

ባለፈው ሳምንት ጉልበቷን የሚያማትን አያቴን በአጎቴ መኪና ለሐኪም ቀጠሮዋ ይዘናት ሄድን። ዘበኛው «ግቢው ሞልቷል፤ ውጪ አቁሙ» አለን። በሩ ላይ ልናወርዳት ስንል ትራፊኩ በፊሽካ አጣደፈን። ዞረን ዞረን ቦታ ያገኘነው ሩቅ ነው። አያቴ ያን ሁሉ መንገድ እያረፈች በእግሯ ተመልሳ ካርድ ክፍል ስትደርስ ተራዋ አልፏል።

ገብቼ ሳይ ግቢውን የሞላው አብዛኛው የሠራተኛ መኪና ነው። ሐኪም መኪና አያቁም አልልም፤ በሌሊት ለድንገተኛ የሚጠራ አለ። ግን በ2013 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ሥር 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ የሠራች አዲስ አበባ፣ በየሆስፒታሉ በር የሦስት መኪና ማውረጃ መከለል ያቅታታል? ትንሽ ቀለምና አንድ አስተናባሪ ይበቃል እኮ! ለታማሚ ማዘን ከበሩ ይጀምር።