መሬት እርጅና አይቀነስበትም



በማታው መርሐ ግብር የተመዘገብኩ ዕለት በር ላይ ያገኘኝ አንድ ወጣት «ማዘር፣ ልጅዎን ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔ ግን የ46 ዓመቷ ሴት ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁና ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም።

ይባስ ብሎ የተማርነው ስለ እርጅና ቅናሽ ነበር። መኪናውም፣ ማሽኑም፣ ወንበሩም በየዓመቱ ከዋጋው ይቀነስበታል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ቁራሌው የሚከፍለው ነው። እንዴ! ይሄ እኔ አይደለሁም? አልኩ። በመሥሪያ ቤቴ ሁለት ጊዜ ለዕድገት ተወዳድሬ «ለወጣቶች ዕድል እንስጥ» ተብሎ ቀርቶብኛል። ትዳሬም ፈርሷል። መስታወት ፊት መቆም ካቆምኩም ቆይቻለሁ።

በዚያው ክረምት አክስቴ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ሦስት የእንሰት ችግኝ በጆንያ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ለኪራይ ቤት ግቢ ምን ያደርጋል? ብቻ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ከአጥሩ ሥር ተከልኳቸው። አጠገባቸው ጎመንና ጤና አዳም ጨመርኩ። ጎመኑ በሁለት ወር ለወጥ ደረሰ። እንሰቱ ግን ቆሞ ቀረ፤ የውጪ ቅጠሎቹም ደረቁ። ሞተብኝ ብዬ ስደውልላት አክስቴ ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ተነቅሎ የተተከለ ነገር መጀመሪያ ሥሩን ነው የሚይዘው። ተይው» አለችኝ። በእነሱ አገር እንሰት ደጋግሞ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለቆጮ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዘገየህ ብሎ የሚሰድበው የለም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ግማሽ ሰዓት እዚያ እቆያለሁ። የተሰነጠቀ እጄን ሳላፍርበት ያየሁት ጭቃ ውስጥ ነው። ሽበቴንም ቀለም መቀባት ተውኩ።

በሁለተኛው ሴሚስተር መምህራችን መሬት የእርጅና ቅናሽ እንደሌለው ነገሩን። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 41 መሠረትም በማደግ ላይ ያለ ሰብል በተገቢ ዋጋው ይመዘናል እንጂ እርጅና አይቀነስበትም። እንደ ቡና ለዓመታት ፍሬ የሚሰጥ ተክል ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ማሽን ይታያል። ያኔ እጄን አወጣሁ፤ «እንሰትስ ከየትኛው ነው?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለካ እንሰት ራሱ ተቆርጦ ምርት ስለሚሆን ከመጀመሪያው ወገን ነው!

አትክልት የቀረብኝን ዕድገት አልመለሰልኝም፣ ትዳሬንም አልጠገነልኝም። ያለሁበትን ዕድሜ ግን እንደ ኪሳራ መመዝገብ አስተወኝ። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ ሒሳብ የምንማር ሰዎች የዕቃውን ስሌት ወደ ሰው ባናሻግር ጥሩ ነው። ከሕንፃችን ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። የቀንም የማታም ተማሪ አብረን ብንተክልበትስ? የመጀመሪያውን ችግኝ እኔ አመጣለሁ። ማዘር ብላችሁ ጥሩኝ፣ ግድ የለም፤ አሁን አቤት እላለሁ።

ቸር እንሰንብት።