በታኅሣሥ የማይነሣ ሞተር በሚያዝያ የተረሳ ነው

በሚኒሶታ የሚኖር አንባቢ ይህን ጠዋት ያውቀዋል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ በረዶ ደጁን ሞልቶታል፤ ከጋራዥ ተጎትቶ የወጣው የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ግን ገመዱ ሃያ ጊዜ ቢሳብም አይነሣም። ባለፈው ታኅሣሥ በሴንት ፖል ይህ ደረሰብኝ። ከጎናችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ደጃቸውን እንደምጠርግላቸውም ቃል ገብቼ ነበር። እኔ ከአካፋ ጋር ስታገል የቀጠሯቸው ሰዓት አለፈ። ያን ዕለት ጥፋቱን በብርዱ አሳበብሁ። ተሳስቼ ነበር። ሞተሩ የተበላሸው በታኅሣሥ ሳይሆን በሚያዝያ፣ ቤንዚኑን ሳላወጣ ከጋራዥ ጥግ ካቆምሁት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በአሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ውሃው ሲበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል። ቤንዚኑ ራሱ ለወራት ሲቆም ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ የሚቀረው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነው። የካርቡሬተሩ የነዳጅ መተላለፊያ ቀዳዳ እንደ መርፌ ዓይን ጠባብ በመሆኑ፣ ጥቂት ዝቃጭ ይደፍነዋል።

ስለዚህ ሞተር እምቢ ሲል ገመድ እየሳቡ ከመድከም በቅደም ተከተል መመርመር ይሻላል። በመጀመሪያ የነዳጅ መክፈቻው ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፤ ቤንዚኑ ካለፈው ዓመት የተረፈ ከሆነም አውጥቶ በትኩስ መተካት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታል። ከብዙ ሙከራ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ነዳጅ አልደረሰውም፤ ርሶ ከወጣ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ እሳት ብልጭታው ይዞራል። ሞተሩ ተነሥቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ካርቡሬተሩ ተደፍኗል ማለት ነው። የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ባለሙያው ካርቡሬተሩን ፈትቶ ለማጽዳት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ተራዬ እስኪደርስ ግን ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ሁላችንም የምናስታውሰው በአንድ ቀን ነውና።

መከላከያው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የበረዶው ወራት ሲያበቃ ታንኩን ማራቆትና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማስነሣት፤ አለበለዚያ በትኩስ ቤንዚን ላይ የነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ጨምሮ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲዘልቅ ለደቂቃዎች ማሠራት ነው። ይህ የሚደረገው ከቤት ውጭ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፣ ይገድላልም።

ጉዳዩ የእኔ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ። ሆኖም የፖሊሲ ጥያቄም አለበት። ሚኒሶታ ከ1997 ጀምሮ በመላ ግዛቷ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል በሕግ አስገድዳለች። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን ችግሩ አልጠፋቸውም፤ ለጀልባዎች፣ ለሞተር ብስክሌቶችና ለአነስተኛ ሞተሮች ኤታኖል የሌለበት ፕሪሚየም ቤንዚን እንዲሸጥ ፈቅደዋል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ደግሞ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛ መንገዱን እንዲጠርግ ያዝዛሉ። ግዴታው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው፤ ግዴታውን የሚሸከመው ሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያኖረው ዕውቀት ግን የማንም ኃላፊነት አይደለም። አዲስ ቤት የገዛ ስደተኛ ቅጣቱን በደብዳቤ ይማራል፤ ልዩ ቤንዚን እንዳለ የሚነግረው የለም።

በባትሪ የሚሠሩ ማሽኖች ይህን ሁሉ ያስቀሩታል የሚሉ አሉ። ካርቡሬተሩን በእርግጥ ያስቀራሉ። ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሞላም ይጎዳል። እንክብካቤ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም።

ለዚህ አስተሳሰብ እንግዶች አይደለንም። አገራችን በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድን በአዋጅ ስታቋቁም፣ ጥገና ከግንባታ የተረፈ ፍርፋሪ ሳይሆን ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ የራሱ ገንዘብ ያለው ሥራ እንዲሆን ታስቦ ነበር። መነሻው ትክክል ነው፤ ጥገና ብልሽት ሲመጣ የሚፈለግ ሳይሆን አስቀድሞ ቀንና ገንዘብ የሚቆረጥለት መሆን አለበት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከተሞቹ በታኅሣሥ የሚልኩትን ማስጠንቀቂያ ያህል በሚያዝያ የጥገና ማሳሰቢያ ይላኩ፤ ነዋሪዎቻቸው በሚናገሯቸው ቋንቋዎች፣ በአማርኛም። ማኅበሮቻችንና ዕድሮቻችን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ይመድቡ፤ የሚያውቅ ለማያውቅ ያሳይ፤ የአረጋውያን ማሽኖችም በዚያው ይታዩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር ለልጆቻችን ስንነግር ኖረናል። የጎረቤቴ ቀጠሮ ያለፈው እኔ ይህን ምክር በግማሽ ሰዓት ሥራ መፈጸም ስላቃተኝ ነው።