የበርበሬ አገሩ ወዴት ነው?

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትጓዙ መንገድ ላይ ጉንደ ወይን የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ገንጠል ስትሉ መርጡለ ማርያም ትደርሳላችሁ። ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ የቀረውን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ያሠራችው ንግሥት እሌኒ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቹጋል ንጉሥ የላከችው እሷው ናት። ታዲያ ይህቺ ሁሉ በእጇ፣ ሁሉ በደጇ የነበረ ንግሥት ቀይ ወጥ ሳትቀምስ ነው የሞተችው ብንላችሁ ምን ትላላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የሦስት አገር ሰዎች አይደሉም፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የቤተሰቡ አገር ደግሞ አሜሪካ ነው፤ ሜክሲኮና ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት በዚህኛው የዓለም ክፍል በርበሬ የበላ ሰው አልነበረም። በኋላ ፖርቹጋሎች በመርከብ ወደ ሕንድ አደረሱት፤ ወደኛም ብዙ ሳይቆይ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ንግድ ተሻግሮ ሳይመጣ አልቀረም። እሌኒ ያረፈችው በ1520ዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው። ስለዚህ በእሷ ማዕድ ቤት ምላስ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭ ቢሆን ነው። ወጡ ግን አልቀላም።

ይህንን ለምን አነሳነው? አዲስ አበባ ውስጥ «ባህላዊ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር ሜኑው ላይ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ይቀርብልናል። ምግቡን ሳንጨርስ ደግሞ ክርክሩ ይነሳል። ይሄ የማን ነው? ማን ከማን ወሰደ? ክርክሩን እኛም እንወደዋለን፤ ሽሮ እየቀዘቀዘ የምንከራከርበት ቀን ጥቂት አይደለም። ችግሩ ክርክሩ የቆመበት ቦታ ነው።

እስቲ አንድ የጾም በያይነቱ ፊታችሁ አስቀምጡና በየክምሩ አገሩን ጠይቁት። ቲማቲሙ ከአሜሪካ፤ ስሙ ራሱ ከሜክሲኮ ሰዎች ቋንቋ የወጣ ነው። ድንቹም ከአሜሪካ። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። የቴዎድሮስ ዘመን መሆኑ ነው እንግዲህ! ዛሬ ከጮቄ ተራራ ደገኛ ላይ ድንቹን ብትነጥቁት ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፈው እንጃ። እርዱ ከሕንድ አካባቢ። ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ከመካከለኛው እስያ። ምስሩ፣ አተሩና ሽምብራው ከቅርብ ምሥራቅ፤ ሽምብራ የተለመደው ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በምንለው አገር ነው። የቀረን ምንድን ነው? ከሥር የተነጠፈው እንጀራ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ያበሻ ጎመን፣ ዘይቱ የኑግ ከሆነ ደግሞ ኑጉ።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ከኛ የተሻሉ ሐቀኞች ነበሩ። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለው ጠሩት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ። ባሕር ዛፍም እንደዚያው፤ በለስም «የባሕር ቁልቋል» ነው። የመጣበትን ስሙ ላይ ጽፈውበት ሲያበቁ ዘርተው በሉት። ያፈረ የለም።

ኮሪያዎችም ዘንድ ያለው ታሪክ ይኸው ነው። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 የዘመተበት አገር ሰዎች ዛሬ ያለ ኪምቺ ማዕድ አይቀርቡም። ኪምቺም ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀዩ ነው። የታሪክ ሰዎች በብዛት እንደሚሉት ግን በርበሬ ኮሪያ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው፤ ከዚያ በፊት ኪምቺ በጨው የተያዘ አትክልት ነበር። «የለም፣ በርበሬ ጥንትም ነበረን» የሚሉ ኮሪያውያን ምሁራን አሉ። ስሜታቸው ይገባናል፤ የኛንም ሰፈር ይመስላል።

መቼም የሞጣ እናቶች በበርበሬ ላይ የሚያደርጉትን ያየ ሰው የትውልድ አገሩን አይጠይቅም። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይሰጣል፣ ይሸከሸካል፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፤ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይገባበታል፤ ደርቆ ይፈጫል። ኮረሪማው የኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። የሜክሲኮው ፍሬና የከፋው ቅመም አንድ ሙቀጫ ውስጥ የተገናኙት በነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ሜክሲኮ ሄዳችሁ ይህንን በርበሬ ብትፈልጉ አታገኙትም።

የቅርብ ምሥራቆቹም ቢሆኑ እዚህ መጥተው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከጣና በስተምሥራቅ በተቆፈረ አንድ ዋሻ ውስጥ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ገብስና ሽምብራ ተገኝተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበሬው ከደጋው፣ ከወይና ደጋው፣ ከዋልካው፣ ከቦረቦሩ ጋር እያስማማ እልፍ ዓይነት ዘር አወጣ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ የገብሱንና የስንዴውን ዓይነት ብዛት ሲያይ ተገርሞ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። (ዓለምን በዘር ሊመግብ የተነሳው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 ስታሊን እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ።) ከዓመታት በኋላ የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ ድንክ ከተባለው የቫይረስ በሽታ ያዳነው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ገብስ መነሻው እዚህ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ከዚህ ወጣ።

አሁን ወደ ጤፍ እንምጣ፤ የሚያንገበግበን እሱ ነው።

የጤፍ አገር ወዴት ነው ብሎ የሚከራከር የለም። የተለመደው እዚህ ነው። የቢቸና ገበሬ በጥቁሩ ዋልካ ላይ ጤፉን ይዘራል፤ ዝናቡ ሲያባራ በቀረችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያስከትላል። ይህንን ከማንም አልተማረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር ተፈራርሞ የጤፍ ዘር ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ኢትዮጵያ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳታገኝ ዓመታት አለፉ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 «አዲስ ፈጠራ የለበትም» ብሎ ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ሲያደርገው እንኳ ከሳሽና ተከሳሽ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። እኛ ችሎቱ ውስጥ አልነበርንም!

እንግዲህ ልብ በሉ። መጤ የሆነውን በርበሬ ማንም አልወሰደብንም። የትውልድ ወረቀት ሳያስፈልገው የኛ የሆነውን ጤፍ ግን ወረቀት የያዘ ሰው ወሰደው። ስለዚህ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ ጥሩ ነው። «ማን ያዘው? ማን ይጠብቀው?» የሚለው ግን እንጀራ ያለበት ጥያቄ ነው።

ጥበቃውን በተመለከተ ዜሮ ነን አንልም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘር ባንክ አለን። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር የሚጠበቀው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ማሳ ላይ ጭምር ነው ብለው በሥራ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ደብረ ዘይት ያሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ቁንጮ» የተባለው ጤፍም ምርት ጨምሯል፤ ቁንጮን የዘራ ገበሬ ላይ ጣት አንቀስርም፣ ልጆች አሉት። ጥያቄያችን ቁንጮ በገባበት ማሳ ላይ የነበረው የአያቱ ዘር የት ደረሰ ነው። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክልሉን በናጠው ጦርነት ውስጥስ ስንት ጎተራ ባዶውን ቀረ?

ኑጉንም እንየው። መስከረም ላይ የጎጃም ማሳ ቢጫ ሲለብስ ፎቶ ተነስተንበት የከተማ ቤታችን ስንገባ የምንጠብሰው በፓልም ነው። (ፓልሙም ቢሆን የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ነው፤ እስያ ወስዳ ተክላው ለኛ መልሳ ትሸጥልናለች።)

እኛ ምን ይደረግ እንላለን? ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች መንግሥት አስመዝግቦ ከስታርባክስ ጋር ተጋጥሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል። አዲስ አበባ ያለ ወፍጮ ቤት ግቡና «የጎጃም ማኛ» በሉ፤ ነጋዴው የምትሉትን ያውቃል፣ ዋጋውንም እንደዚያው ይቆልላል። ስሙ ገበያ ላይ ይሠራል ማለት ነው። የሚሠራው ግን ለነጋዴው ነው እንጂ ስሙን ላወጣው ገበሬ አይደለም። ስሙ በሕግ ይመዝገብ፤ ከስሙም ጋር ዘሩ ይመዝገብ።

«ስም ሲመዘገብ ጤፍ ይወደዳል፤ እኛ የከተማ ደሃዎችስ?» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ አሁንም ማኛ የሚገዛው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሆኖም ዋጋው ስሙ ሳይመዘገብም ሲወጣ ኖሯል፤ ጭማሪው ቢቸናና ሞጣ አልደረሰም እንጂ። እኛን የሚያከራክረን ስሙን ማን ይያዘው የሚለው ነው። ከመካከላችን ግማሾቹ እንደ ቡናው መንግሥት ይያዘው ይላሉ። ሌሎቻችን የ2005ቱን ፊርማ እያስታወስን የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቢይዙት እንመርጣለን።