የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ለመሆኑ በዚህ ግቢ ውስጥ ዛሬ ጠዋት የጠጣው ውሃ በሊትር ስንት ሚሊግራም ፍሎራይድ፣ ስንት ሚሊግራም ናይትሬት እንደያዘ የሚያውቅ ማን ነው? ተማሪው አያውቅም። መምህሩም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አያውቅም። ውሃውን በጀሪካን ተሸክማ ወደ ቤቷ የምትወጣው እናትማ ማን ነግሯት ታውቃለች? ነገሩ በሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላሳፈረን። ነገር ግን የምንኖረው ስሟን ከአርባ ምንጮች በወሰደች ከተማ ነው፤ የምንማረውም በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ በሆነ ቤት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የአርባ ምንጭን ልጅ የጠማው ግን የውሃው እውነት ነው።

ነገራችን እንዳይጣመም አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። የምንጮቹ ውሃ መርዝ ነው አላልንም፤ አንልምም። በጨንቻ፣ በዶርዜና በጉጌ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከሸንተረሩ ሥር፣ በነጭ ሳር ፓርክ ደን ውስጥ የሚፈልቁትን ምንጮች የሚመግባቸው ደጋው ነው። እንዲህ ያለ የደጋ ውሃ ከዓለቱ ጋር ብዙ ዘመን ስለማይቆይ በአብዛኛው የሚሸከመው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ነው። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚሁ ይመጣል። ሰው ቅርፊቱን አይቶ «ይህ ውሃ ኩላሊት ይጨርሳል» እያለ ይሰጋል፤ ቅርፊቱ ግን ማንቆርቆሪያውን እንጂ ሰውን አይገድልም። የምንፈራው የማይጎዳንን ነው፤ የሚጎዳን ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። ጭቅጭቃችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የዚህ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ ፍሎራይድም በውስጡ አለ። ውሃ ከሸለቆው ወለል በታች ለረጅም ዘመን ሲቆይ፣ በተለይም ሲሞቅ፣ ካልሲየሙን ጥሎ ሶዲየም ይሸከማል። ፍሎራይድን አስሮ የሚያስቀምጠው ደግሞ ካልሲየም ነበር። እሱ ሲጎድል ፍሎራይዱ ልጓም እንዳጣ ፈረስ ይለቀቃል። ስለዚህ ከደጋው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ደኅና ነው ማለት፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሜዳው ላይ የሚቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከተማይቱ እያደገች ነው፤ የቆላው መንደርም እየሰፋ ነው፤ ነገ መቆፈራችን አይቀርም። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በመጀመሪያ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። እጅግ ሲያልፍና ዓመታት ሲደራረቡ ወደ አጥንት ይገባል፤ ወገብ አይታጠፍም፣ አንገት አይዞርም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያ ለሠራተኛው የጉድጓድ ውሃ አቀረበ። ውሃው የጠራ ነበር። ሠራተኛው ከየአገሩ መጥቶ፣ አገዳ እየቆረጠ፣ ያንኑ ውሃ እየጠጣ ልጅ ወልዶ አሳደገ። ከዓመታት በኋላ የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ከአባቶቹም ወገባቸው እንደ ግንድ የደረቀባቸው ተገኙ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድና ስለሚያመጣው በሽታ ጽፈው ለዓለም አሳወቁ። ፍሎራይዱን የሚያጣራ መሣሪያም በወንጂ ተተከለ። ነገር ግን የደነደነን አጥንት የሚያለሰልስ ማጣሪያ ከየት ይመጣል?

ዓለሙንም እንይ። በባንግላዴሽ፣ ሕዝቡ በኩሬ ውሃ በሽታ እንዳያልቅ ተብሎ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የቆፋሪዎቹ ሐሳብ ቅን ነበር። አርሴኒክ አለበት ወይ ብሎ የመረመረ ግን አልነበረም። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሲመረመር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለዓመታት መርዝ ሲጠጣ መኖሩ ታወቀ። ቅንነት ምርመራን አይተካም።

ሁለተኛው ሥጋት ከዓለት ሳይሆን ከእኛው ከራሳችን ይወርዳል። ሴቻ ከላይ ነች፤ ምንጮቹ ከሸንተረሩ በታች ናቸው። ከተማው በጨመረ ቁጥር የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይጨምራል። ጉድጓዱ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ላይ ሲቆፈር ደግሞ ፍሳሹ መንገድ አያጣም። ከዚህ የሚመነጨው ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ በዚያ ውሃ ወተት የተበጠበጠለት ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በከርሰ ምድር ውሃ የምትኖረው ድሬዳዋ ይህን ጣጣ አይታዋለች። በቆላው ባለው የሙዝ እርሻ የሚበተነው ማዳበሪያም ከእጅ ጉድጓድ ጋር ጉርብትና አለው። ናይትሬትም ሆነ ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል። ውሃ አጋር ቢጨመርበትም ተባዩን ይገድላል እንጂ ጨዉን አይነካም።

ታዲያ ምን ይሁን ብለን ጠየቅን። ከመካከላችን ሦስት ተማሪዎች ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው የምርመራውን ውጤት ለማየት ለመኑ። «ደረጃውን ያሟላል» ተባሉ። ቁጥሩስ? «ቁጥሩ ለእናንተ ምን ይሠራላችኋል?» ተባሉ። ደብዳቤ አመጡ፤ ደብዳቤው ማኅተም ጎደለው። ማኅተም አመጡ፤ ኃላፊው መስክ ወጡ። እነሆ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

የሚቃወሙን ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «አባቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል» ይላሉ። አባቶቻችን የጠጡት የምንጩን ውሃ ነው፤ በመኪና ከተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አልጠጡም። ሁለተኞቹ «ቁጥር ቢለጠፍ ሕዝቡ ይደነግጣል» ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የባንግላዴሽ ገበሬ ዲፕሎማ ሳያስፈልገው፣ ቀይ የተቀባውን ጉድጓድ ትቶ አረንጓዴ ከተቀባው መቅዳት ተምሯል፤ የጋሞ ገበሬ ከማን ያንሳል? ሦስተኞቹ ግን ክብደት ያለው ነገር ይናገራሉ፤ «ሕዝቡ ውሃ ጠምቶት ሳለ ኬሚስትሪ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ይጠጣ» ይላሉ። ይህን አንንቀውም። ውሃ ፍለጋ የግማሽ ቀን መንገድ የምትሄድ እኅት ፊት ቆሞ ስለ ሚሊግራም መስበክ ነውር ነው። ነገር ግን ጉድጓድ አንዴ ከተቆፈረ፣ ፓምፕ ከተተከለና ሪባን ከተቆረጠ በኋላ «አትጠጡ» ማለት የበለጠ ነውር ነው። የአንድ ናሙና ምርመራ ዋጋ ከቁፋሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ የትም አይደርስም። እንግዲህ ምርመራው ከፓምፑ ይቅደም ማለታችን ውሃውን ለማዘግየት አይደለም፤ ጥማትን በሕመም እንዳንለውጥ ነው።

ጣታችንን ወደ ሌላ ስንቀስር ሦስቱ ጣቶች ወደ እኛው መዞራቸውን አልረሳንም። ውሃ መመርመር የምንማር እኛ ነን። ናሙና እንቀዳለን፣ እንለካለን፣ ማርክ እንቀበላለን፤ ውሃው የተቀዳበት መንደር ግን ምን እንደተገኘ ሳይሰማ ይቀራል። ለማርክ የተለካ ውሃ ማንን ያጠጣል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የከተማው ውሃ የምርመራ ውጤት፣ ቀኑና የተቀዳበት ቦታ ተጽፎ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በጋሞኛ ይለጠፍ። በዞኑ ቆላ የሚቆፈር ማንኛውም ጉድጓድ ፍሎራይዱ ሳይለካ ለሕዝብ አይከፈት። ከምንጮቹ በላይ ያለው መሬት ተከልሎ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ እንዳይሰርግበት ይጠበቅ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በመምህራኖቻችን መሪነት ለተግባር ትምህርት የለካነውን ሁሉ ለመንደሩ መልሰን እንንገር። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸና፣ በአንቀጽ 90 አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሕዝብ እንዲደርስ፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሕዝብን የሚመለከት መረጃ እንዲገኝ ደንግጓል። የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የጋሞ ሽማግሌዎች ብርቱ ነገር ሲገጥማቸው በጓዳ አይቋጩትም፤ ወደ ዱቡሻ አውጥተው፣ ሁሉ እየሰማ ይነጋገሩበታል። ከውሃ የበረታ ምን ነገር አለ? ቁጥሩ ከመሳቢያ ወጥቶ ወደ ዱቡሻ ይምጣ። መልካም ከሆነ አብረን እንደሰት፤ መጥፎ ከሆነም አብረን መላ እንምታ። ዝም ብለን ከጠጣን ግን፣ ነገ ጥርሱ የበለዘ ሕፃን «እናንተ የውሃ ተማሪዎች፣ የት ነበራችሁ?» ሲለን የምንመልሰው አይኖረንም።