የአጸዱን ብርሃን በዘይት ቀለም ስለ መሣል

በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶች «ዛፍና አበባ በዘይት ቀለም መሣል የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለገዳም ልጅ ምን ይረባዋል?» ይላሉ። እኔ ግን ይረባዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም በአጭሩ ላስረዳ።

አስቀድመን ልዩነቱን እንወቅ። በመቅደሳችን ግድግዳ ላይ ያለው ጥንታዊ ሥዕል የወደቀ ጥላ አይታይበትም፤ የሚያልፈውን ሰዓት ለማሳየት አልተሠራምና። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔና ጓደኞቹ ግን የሚያልፈውን ሰዓት ራሱን ለመያዝ ተነሡ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ሥራቸውን በፓሪስ በአንድነት ሲያሳዩ ብዙዎች «ያላለቀ ሥዕል» ብለው ሣቁባቸው። ሞኔ ከ1883 እስከ ሞተበት እስከ 1926 ዓ.ም. ዢቨርኒ በምትባል መንደር ተቀምጦ፥ ያለማውን የአትክልት ስፍራና ኩሬ ደጋግሞ ሣለ። ቦታው አንድ፥ ብርሃኑ ግን ልዩ ልዩ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሥዕል የሌላውን ስፍራ አይወስድም።

«የባዕድ ነው» ለሚሉትም መልስ አለ። ቀለሙ የሚለወስበት ዘይት እናቶቻችን ለጾም የሚወቅጡት የተልባ ዘይት ነው። በአዲስ አበባም አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጥበብ ለልጆቻችን አስተምሯል።

ከባሕር ማዶም ምሳሌ እናምጣ። በ1940 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ) በጅዳ የተወለዱት ሠዓሊት ሳፊያ ቢንዘግር በልጅነታቸው ወደ ግብፅ ሄደው ሲመለሱ፥ የድሮው የሒጃዝ ኑሮ ሲጠፋ አገኙት። «ወዮ» ብለው አልተቀመጡም፤ ቤቱን፥ ልብሱን፥ ሠርጉን በቀለም አኖሩት። በ1968 ዓ.ም. በጅዳ ከሙኒራ ሞስሊ ጋር ሥዕላቸውን አሳዩ። የመካው ተወላጅ አብዱልሐሊም ረድዊም በሮም ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው ሠሩ። ሃይማኖታችን ቢለያይም ትምህርቱ ለእኛም ነው።

እኛስ? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በደቡብ ጎንደር በእርሻ መካከል እንደ ደሴት የቀረው ዝግባ፥ ጥድና ወይራ አብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ነው። አንድ ዝግባ በነፋስ ቢወድቅ መልኩን ማን ያስታውሰዋል? ዛፉን ለመሣል ብዙ ሰዓት ያየው ሰው፥ ምሳር ሲነሣበት ዝም አይልም። ይህ ነው ጥቅሙ።

ቀለሙ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ነገር ግን ቀይ፥ ቢጫ፥ ሰማያዊና ነጭ ለጀማሪ ይበቃሉ። ጥላውን በጥቁር አትድፈነው፤ ሰማያዊነቱንና ወይን ጠጅነቱን ተመልከት። ሥሡን ቀለም አስቀድም፥ ዘይት የበዛበትን አስከትል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ብርሃኑ ሲለወጥ ብሩሽህን አኑር፤ ነገ በዚያው ሰዓት ተመለስ። የጸሎት ደወል ሲደወልም እንዲሁ አኑረው፤ ሥዕል ጸሎትን አይተካም።

እናንተም ለበዓል የምትመጡ ምእመናን፥ ከበሩ ስትወጡ ጥቂት ቆማችሁ ዛፎቹን ተመልከቱ። ብሩሽ ባትይዙም፥ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ።