መንጠቆው የሚይዘው ዓሣ ብቻ አይደለም



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ቤት ውስጥ አይያዙም። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ልጁን «ትንሽ አየር ይቀይር» ብሎ ወደ አያቶቹ ይልካል። ሐይቅ ዳር የደረሰ ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን ሳይሞላው ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይወዳጅና የናይለን ክርና መንጠቆ ይዞ ይገኛል። መልካም ነው። ዓሣ ማጥመድ ትዕግሥት ያስተምራል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከማፍጠጥም ይሻላል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ዓሣው አይደለም። ሳይጠሩ ስለሚመጡት እንግዶች ነው፤ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ጦጣው፣ ስለ ጉማሬው፣ አንዳንዴም መንጠቆው ስለሚይዘው የልጁ የራሱ እጅ።

ወፍ ለምን መንጠቆ ላይ ይመጣል? ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣውን ገበያ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ እንደ ደንበኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ቆመው ሲታዩ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ጭንቅላቱንና አንጀቱን ሲጥሉላቸው ስለኖሩ፣ ሰውና ዓሣ አንድ ላይ ካሉ ምግብ እንዳለ ለምደዋል። ፔሊካኖቹም እንደዚያው ናቸው። ለእነሱ ክር ጫፍ ላይ የሚንፈራገጠው ቆሮሶ የተያዘ ዓሣ ሳይሆን የደከመ፣ በቀላሉ የሚዋጥ ዓሣ ነው። ዛፍ ላይ ሆኖ ውኃውን የሚቃኘው የዓሣ ንስርም ከክሩ ላይ መንጠቅን እንደ ነውር አያየውም።

ሁለተኛው መንገድ ክሩ ራሱ ነው። የናይለን ክር ለእኛ ዓይን እንኳ አይታይም፤ ለሚበርር ወፍማ ጭራሽ የለም። ክንፉ ሲነካው ይጠመጠምበታል። ሦስተኛውና የከፋው ደግሞ ሰዎች ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ቁራጭ ክር ነው። ናይለን እንደ ሣር አይበሰብስም። ሸምበቆ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ ለብዙ ዓመታት ተንጠልጥሎ ይቆያል። እግሩ የተጠመጠመበት ወፍ በሄደ ቁጥር ክሩ እየጠበቀ ደሙን ያግደዋል፤ በመጨረሻም እግሩ ይደርቃል። ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት ምን እንደሚያደርግ ለምናውቅ ለጤና ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዓመታት በፊት አንድ ሐይቅ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው «እንስሳ አይገባም አልኩ እኮ!» እያለ ሲጮህ ሰምቼ ወጣሁ። በሩ ላይ አንድ አባት ጋቢ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ዐሥር ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው እጁን ወደ ጋቢው ዘርግቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንባውን እየዋጠ ነው። ጋቢው ውስጥ ፔሊካን ነበር።

የልጁ ክር ሁለት መንጠቆ ነበረው። አንዱን ወፉ ከዓሣው ጋር ጎርሶ ከምንቃሩ በታች ባለው ከረጢት ቆዳ ላይ ተሰክቶበታል። ልጁ ሊያስለቅቀው ሲይዘው ወፉ ተንፈራገጠ፤ ሁለተኛው መንጠቆ የልጁ መዳፍ ላይ፣ አውራ ጣቱ ሥር ገባ። በመካከላቸው ያለው ክር ክንድ አይሞላም። ወፉ በተወራጨ ቁጥር የልጁ ሥጋ ይሳባል።

«አባባ፣ ክሩን ለምን እዚያው አልቆረጡትም?» አልኳቸው።

«በምን ልቁረጠው ልጄ? ቢላ አልያዝኩ። እሱ በጥርሱ ሊበጥሰው ነበር፤ ከለከልኩት። ወፉ ክሩን ይዞ ቢበርር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሞተው። ልጁ ደግሞ በየቀኑ በዚያ ሲያልፍ ያየዋል።»

የፋሻ መቀሱን አውጥቼ ልጁንና ወፉን ለያየኋቸው። ወፉን ከግብርና ጽሕፈት ቤት የተጠራው የእንስሳት ጤና ረዳት ወሰደው። ልጁን እኛ ማደንዘዣ ወግተን መንጠቆውን አወጣንለት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስሰጠው ወደ አያቱ ዞሮ «ወፉም ይወጋል?» ብሎ ጠየቀ። «እሱ ጀግና ነው፣ አያስፈልገውም» አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ አላለቀሰም።

ያን ቀን ካደረግነው ውስጥ ማንኛውም ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ብዙ ነገር አለ። በመጀመሪያ ስለ ወፉ። ወፍ ክር ላይ ሲያዝ የሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ክሩን በጥሶ መገላገል ነው። እንዲህ አታድርጉ። አዛውንቱ እንዳሉት ክር ይዞ የበረረ ወፍ የሚሞተው ሌላ ቦታ ስለሆነ ብቻ ነው የማናየው። ክሩን ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያም ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ሹራብ ራሱ ላይ ጣል ማድረግ ይገባል። ዓይኑ የተሸፈነ ወፍ ይረጋጋል። ክንፎቹን አጥፎ ከሰውነቱ ጋር ማቀፍ፣ ምንቃሩን መያዝ። ሽመላን የመሳሰሉ ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ዓይን ይወጋሉና ፊታችሁን አርቁ፤ ልጆችንም አርቁ። ፔሊካን ከሆነ ግን ምንቃሩን አጥብቃችሁ አትዝጉት። ፔሊካን የሚተነፍሰው በአፉ ስለሆነ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት።

መንጠቆው ቆዳ ወይም ክንፍ ላይ ከሆነ ወደኋላ አይሳብም። ጫፉ ላይ ወደኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ስትሳብ ሥጋውን ትቀድዳለች። ወደፊት ተገፍቶ ጫፉ ሲወጣ ጥርሷን በፒንሳ ቆርጦ ቀሪውን በገባበት ማውጣት ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት እግሩና ክንፉ ሥር ክር አለመቅረቱን እዩ። ወፉ መንጠቆውን ከዋጠው ግን ክሩን አትጎትቱ፤ በአቅራቢያ ወዳለ የእንስሳት ሕክምና ውሰዱት።

ስለ ሰው ስንመጣ ሕጉ ትንሽ ይለያል። በወፍ ላይ የተናገርኩትን ቤት ውስጥ በልጃችሁ ላይ አትሞክሩ። የጣት ጅማትና ነርቭ ቅርብ ናቸው፤ ያለ ማደንዘዣ የሚደረግ ትግልም ልጁን ከማሰቃየት በቀር ጥቅም የለውም። ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቁረጡ፤ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ በንጹሕ ጨርቅ ደገፍ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን ወይም የዓይን ቆብ ላይ ከሆነ አትንኩት፣ አትጠቡት፣ አትጫኑት። የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ከላይ አድርጋችሁ፣ ዓይኑን ሳትነኩ ከልላችሁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አምባዛ ሲይዙ ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ባሉት እሾሆች መወጋትም የተለመደ ነው። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ይናቃል። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ፤ በማግሥቱ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ከሞቀ ይታይ።

አሁን ለአያቶች የተለየ መልእክት አለኝ። መንጋጋ ቆልፍ በመንጠቆ ቀዳዳ በምታህል ቁስል ይገባል። ሕፃናት ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሚሰጣቸው ክትባት ይጠበቃሉ። እናቶችም በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ። የአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ወንድ በልጅነቱ አልተከተበም ይሆናል፤ ነፍሰ ጡር ሆኖም ክትባት አልተሰጠው! ስለዚህ የልጅ ልጁን ይዞ ሐይቅ ዳር የሚውለው አያት ከልጁ ይልቅ ራሱ ሳይጠበቅ ሊገኝ ይችላል። አባቶች ሆይ፣ ልጁን ስታስከትቡ ስለራሳችሁም ጠይቁ። የተከተበም ቢሆን የክትባቱ ኃይል ከዓመታት በኋላ ይቀንሳልና ቁስል ሲኖር መናገር ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር እርሳስ ነው፤ የመጻፊያው ሳይሆን ብረቱ። ክሩን ወደ ታች ለማስጠም የሚታሰረው ክብደት እርሳስ ሊሆን ይችላል። ወፎች ከጠጠር ጋር ይለቅሙትና ይመረዛሉ። በእንግሊዝ አገር በዚህ ምክንያት ብዙ የውኃ ወፎች ስለሞቱ ትንንሾቹ የእርሳስ ክብደቶች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1987 ተከልክሏል። ለእኛ ለወላጆች የሚብሰው ደግሞ ልጆች እርሳሱን ክሩ ላይ ለማጣበቅ በጥርሳቸው መንከሳቸው ነው። እርሳስ በጥቂቱም ቢሆን እየተጠራቀመ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታውን ይቀንሳል። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ቤት ውስጥ ማቅለጥማ ፈጽሞ አይሞከርም። ጠጠር ወይም አሮጌ የብረት ብሎን ማሰር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ትልልቆቹን እንግዶችም አንርሳ። ጉማሬ ሐዋሳም፣ ጣናም፣ ጫሞም አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። እጅግ አደገኛ የሚሆነው እሱና ውኃው መካከል ስትቆሙ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆች ወደ ቤት ይግቡ፤ በሸምበቆ መካከል በተከፈተ መንገድ ላይም አይቀመጡ፤ ያ መንገድ ባለቤት አለው። ጫሞና አባያ ላይ አዞ አለና ውኃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድም፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ዓሣ ማጠብም አይገባም። አርጃኖ መንጠቆ ላይ ከመጣ ክሩን ቆርጦ መራቅ እንጂ መታገል የለም፤ በጅራቱም በጥርሱም ይጎዳል። ለወፍ «አትቁረጡ» ያልኩትን እዚህ ላይ ማንሳቴ ነው፤ የልጅ እጅ ይቀድማል።

አሞራ ገደል የሚመላለሱት ጦጣዎች ደግሞ ምሳ ይነጥቃሉ። ልጁ ሲታገላቸው ከነከሱት ወይም ከቧጨሩት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል።

ልጃችሁ ለማጥመድ ሲወጣ ከመንጠቆው ጋር አራት ነገሮች ይያዝ፦ ፒንሳ ወይም መቀስ፣ ሳሙና፣ አሮጌ ነጠላ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ። ሦስቱ ለምን እንደሆኑ ተናግሬአለሁ። ሃይላንዱ ለክሩ ነው። የተበጣጠሰውን ክር ሁሉ፣ የራሱንም የሌላ ሰውም፣ ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ያስገባና ክዳኑን ዘግቶ ወደ ቤት ያምጣው። ልጆች ውድድር ይወዳሉ። «ዛሬ ስንት ዓሣ ያዝክ?» ከማለታችሁ በፊት «ሃይላንዱን እስኪ አሳየኝ» በሉት። ዓሣ ሳይዝ የተመለሰበትም ቀን የሚያሳየው ነገር አያጣም።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ልጆቻችሁን በደኅና ያግቡላችሁ።